የቁርአን ቤቱ ጥድ

የእናቴ ወንድም ስልክ የሚደውሉት ሰው ሲሞት ወይም ሲወለድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ያን ቀን ደሴ፣ ቢሮዬ ተቀምጬ ድምፃቸውን ስሰማ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም «ማን ነው?» አልኋቸው።

«ማንም አልሞተ፤ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «መንገዱ ሊሰፋ ነው። ቤቷን ሊያነሷት ነው።»

ቤቷ ያሉት መኖሪያቸውን አልነበረም። መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከገበያው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አጎቴ ሁለት ቤት ነበራቸው። ከኋላ ያለችው እሳቸውና ባለቤታቸው የሚኖሩባት ትንሽ የጭቃ ቤት ናት። ከፊት ያለችው ሰፊዋ ደግሞ ቁርአንና ኪታብ፣ የሃይማኖቱን መጻሕፍት፣ የሚያስቀሩባት ናት፤ አገሩ ሁሉ የሚያውቃቸው በእሷ ነው። ተማሪዎቻቸው፣ እኛ ደረሳ የምንላቸው፣ ከለጋምቦ፣ ከከላላና ከወግዲ ይመጣሉ። እዚያው ቤት ይማራሉ፣ እዚያው ያድራሉ፣ የሰፈሩ ሰው ተራ ገብቶ ያበላቸዋል።

ጊዜው በየወረዳው መሪ ፕላን የሚወጣበት፣ በየስብሰባው ልማት ሳይባል የማይዋልበት ነበር። የገዥው ግንባር ባለሥልጣናት መንገድ ሲመርቁ፣ ኮብልስቶን ሲያስነጥፉ፣ እየተከተልሁ መዘገብ ሥራዬ ነበር። ስለሚነሱ ቤቶችም ዘግቤያለሁ። ባለቤቱን አነጋግራለሁ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ምላሽ እጨምራለሁ፣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። የአጎቴን ግን አልዘገብሁትም፤ የዘመድ ጉዳይ ዜና አላደርግም። አሁን የምጽፈውም ዜና ስላልሆነ ነው።

አጎቴ በመንገዱ ነገር አልተከራከሩም። ሁለቱም ቤቶች ስለሚነሱ ከከተማዋ ዳርቻ አንድ ምትክ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ሐሳባቸውም የሚያሻማ አልነበረም፤ የቁርአን ቤቷን በጥንቃቄ አፍርሰው፣ እንጨቷንና ቆርቆሮዋን ወደ ምትኩ ቦታ አጓጉዘው፣ ክረምት ሳይገባ መልሰው ሊያቆሟት ነው። ክረምት ከቀደማቸው ደረሶቹ የሚያድሩበት የላቸውም። ማደሪያ ያጣ ደረሳ ሌላ ሸኽ ፍለጋ ይሄዳል። ከሄደ ደግሞ አይመለስም፤ በሌላ ሸኽ እግር ሥር የጀመረውን ኪታብ ጥሎ መነሳት ነውር ነው።

«ደረሳ ከሌለኝ እኔ ምንድን ነኝ?» አሉኝ በስልኩ። «ጠዋት ተነስቶ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ።»

ፈቃድ ወስጄ ሄድሁ።

የቤቷ እንጨት ከቋሚው እስከ ወራጁ ጥድ ነበር፣ ደንቆሮ ከሚባለው ጫካ የመጣ ጥድ። ዛሬ ያ ጫካ ይጠበቃል፤ እንኳን ግንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ የሚወጣ የለም። በዚያ አገር አሁን ቤት የሚሠራው በባሕር ዛፍ ነው፣ ባሕር ዛፍን ደግሞ ምስጥ ቶሎ ያገኘዋል። አጎቴ ተምረው ወደ አገራቸው የተመለሱት ገና በወጣትነታቸው ነው፤ በአካባቢው ያለ ገበሬ ሁሉ ደስ ብሎት በየቤቱ አንድ አንድ ግንድ በትከሻው ተሸክሞ አመጣላቸው። ሙስሊሙም አመጣ፣ ክርስቲያኑም አመጣ። ቤቷ የቆመችው እንዲህ ነው። እኔ ስወለድ ግድግዳዋ ጭስ ጠጥቶ ጠቁሮ ነበር።

የማፍረሱ ሥራ ለአንድ አናጢ ተሰጠ፤ ወሬኛ፣ ቁመተ ረጅም ሰው ነበር። ደረሶቹ ቆርቆሮውን ያወርዳሉ፣ እሱ ሚስማሩን ይነቅላል። ሚስማሩ ሲወጣ እንደ ሰው ይጮኻል።

«ሸኽዬ፣ ይኼ እንጨት ነው ብረት?» አለ፣ ጎንበስ ብሎ የመጋዙን ጥርስ እያየ። «መጋዜን በላብኝ እኮ!»

«አንተ አትብላው እንጂ እሱ ይብላህ» አሉት አጎቴ።

«ምክሬን ይስሙኝ። ይሽጡትና ባሕር ዛፍ እንግዛ። ባሕር ዛፍ ሚስማር እንደ ቂቤ ነው የሚቀበል። በዚህ ላይ እኔ ስሠራ ሰው ሲያልፍ ምን ይላል? ‹ሸኽየው አዲስ እንጨት መግዛት አቃታቸው› ነው የሚል። ስሙ ለእኔም አይበጅ።»

«ያንተን ስም እኔ እጠብቀዋለሁ። አንተ ጥዱን ጠብቅ።»

አናጢው ሳቀ፤ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ከሥራ በኋላ አግኝቼው ስጠይቀው በአሮጌ እንጨት መሥራት እንደማይወድ ሳይደብቅ ነገረኝ። አሮጌ እንጨት የተጣመመውን ማቃናት፣ የድሮውን ቀዳዳ መሸሽ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ መለካት ይፈልጋል። ሥራው እጥፍ ነው፤ ሲያልቅ ግን ያየ ሁሉ አሮጌ ነው ይላል። ከተማው ውስጥ ያሉት አናጢዎች ሁሉ እንዲሁ ይሉ ነበር። ያም ሆኖ ሲፈርስ ከተቆጠሩት ግንዶች የተበላሸ አልተገኘም። አጎቴ አንዱን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉና ወደ አፍንጫዬ አስጠጉልኝ። ውስጡ ቀይ ነበር፣ ትናንት እንደተቆረጠ ይሸታል።

የሚቀጥለው ማዘጋጃ ቤት ነበር። መሐንዲሱ ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ። ወንበር አቀረበልን፣ ለአጎቴ ቆመ፣ ሻይ አዘዘ። ከዚያ አይሆንም አለ።

«ሸኽዬ፣ አይቀየሙኝ። አሮጌ ዕቃ አላጸድቅም። ስታንዳርዱ የሚለው ብሎኬት ነው።»

«ጥድ አይቻልም ይላል?» አልሁት እኔ።

«ስለ ጥድ የሚል የለውም።»

«እንግዲያው አልከለከለም።»

«አልፈቀደምም፣ ጋሼ።» ፈገግ አለ። «ሊጽፉብኝ ነው?»

«ዘመዴን አልጽፍም።»

«ተመስገን። እኔም ዘመድዎ ብሆን ምን አለበት?»

ከቀልዱ በኋላ እውነቱን ነገረን። አዲስ ብሎኬት ከማምረቻው ደረሰኝና የጥራት ማረጋገጫ ይዞ ይመጣል። ቤቱ ቢደረመስ ያንን ወረቀት ያሳያል። የአጎቴ ጥድ ግን ለስንት ዓመት ጣራ እንደተሸከመ ማንም የጻፈው የለም። ነገ አንድ ነገር ቢሆን «በምን አጸደቅኸው?» ሲባል የሚያሳየው የለውም። በቢሮው በር በኩል የተከመረ ብሎኬት አየሁ፤ ጠርዙን በጣቴ ስነካው ፈረፈረ። ደረሰኝ ግን ነበረው።

ተመላለስሁ። ልጁ ክፉ አልነበረም፣ ፈሪም አልነበረም፤ የሚይዘው ነገር ነው የሚፈልገው። በመጨረሻ መንገድ አገኘን። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ብሎኬት ይሆናል፣ ውስጡንና ጣራውን ጥዱ ይሸከማል። ፈቃዱን ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ሰጠኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ በዚያ ቀን የተደሰትሁትን ያህል የተደሰትሁበት ቀን ጥቂት ነው። ወረቀቱን ይዤ ወደ አጎቴ ሮጥሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

አጎቴ መነጽራቸውን አልያዙምና «አንብብልኝ» አሉ። አነበብሁላቸው። ስማቸው፣ የቦታው ስፋት፣ የግንባታው ዓይነት። «አገልግሎት፦ ለመኖሪያ» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ለመኖሪያ ነው የሚል?»

«አዎ። ያው ነው፣ በመኖሪያ ቤትዎ ውስጥ ማስቀራት ማንም አይከለክልዎትም። መሐንዲሱም ብሏል።»

መቁጠሪያቸውን ሳያንቀሳቅሱ ያዙት።

«ይኼ እንጨት የማን ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ ነዋ።»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

ያኔ ያስረዱኝ ነገር የሃይማኖቱን ሕግ ለማያውቅም ግልጽ ነው። ገበሬዎቹ እንጨቱን ያመጡላቸው «ይኸው ለአንቱ» ብለው ከሆነ የእሳቸው ንብረት ነው፤ ይተኙበታል፣ ይሸጡታል፣ ይማግዱታል። «ይኸው ለቁርአን» ብለው ከሆነ ግን ወቅፍ ነው፤ ለአላህ ተሰጥቶ ያለቀ፣ የሰው እጅ የማይገባበት። ወቅፍ ከሆነ ከቁርአን ቤት ወጥቶ የቁርአን ቤት ይሆናል እንጂ ባልና ሚስት የሚተኙበት መኖሪያ አይሆንም።

«ያን ጊዜ አልጠየቅኋቸውም» አሉ። «ወጣት ነበርሁ። ደስ ብሎኝ ግንድ እየተቀበልሁ እከምር ነበር።»

«አንቱ ዓሊም አይደሉ? አንቱው ይፍረዱበት።»

«የኔን ጣራ እኔው ልፈርድበት? ሌላ ሸኽ እንዲህ ቢያደርግ አንተ ጋዜጠኛው ምን ትል ነበር?»

የምለውን አውቀዋለሁና ሌላ ሐሳብ አመጣሁ፤ ከመኖሪያው ጀርባ ለብቻዋ ትንሽ የቁርአን ቤት ብትሠራስ? ራሳቸውን ነቀነቁ። ካርታው በስማቸው ነው። በዚያ ካርታ ላይ የቆመ ነገር ሁሉ ነገ የልጆቻቸው ውርስ ነው፤ የአላህን እንጨት ልጆቻቸው ይካፈሉታል።

«በፊትስ? ያችኛዋ ቤት እንዴት ቆመች?»

«በፊት ካርታ አልነበረም። ‹ይኼ ቦታ የምን ነው?› ብሎ የጠየቀ አልነበረም።»

ስለዚህ እንጨቱን የሰጡትን ሰዎች አንድ በአንድ ሊጠይቁ ወሰኑ። ሥራዬ ሰው መጠየቅ ነውና ሐሳቡ በጣም ተስማማኝ። እውነቱ በሰጪዎቹ ልብ ውስጥ አለ፣ ሄደን እናወጣዋለን ብዬ አሰብሁ። እሳቸው በቅሎ ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ከጎን ሄድሁ። በመንገድ ላይ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፤ መልሱ ምን እንደሚያስከትል ለማንም እንዳልነግር። «ካወቁ ለእኔ አዝነው ይመልሳሉ። እኔ የምፈልገው ያን ጊዜ ያሰቡትን ነው» አሉ። አደነቅኋቸው። እኔም ለጀማሪ ሪፖርተሮች የማስተምረው ይኸንኑ ነበር፤ መልሱን በጥያቄው ውስጥ አታስገቡ እላቸዋለሁ።

መጀመሪያ የሄድነው አንድ በጣም ያረጁ ገበሬ ቤት ነው። ተቃቅፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ተጠያይቀው ሲያበቁ አጎቴ ጠየቁ።

«ያን ጊዜ ያመጣኸው ግንድ፣ ለማን ብለህ ነው የሰጠኸው?»

ሽማግሌው ደነገጡ። «ሸኽዬ፣ ምን አጠፋሁ? ሊመልሱብኝ ነው?»

«አልመልስብህም፤ ልወቅ ብዬ ነው።»

«ለአላህ ብዬ እንጂ ለሌላ ምን ብዬ እሰጣለሁ?»

«እሱስ ልክ ነው። ለአላህ ብለህ ለእኔ ነው ወይስ ለአላህ ብለህ ለቁርአን?»

«ለቁርአን!» አሉ ሽማግሌው፣ ሁለት እጃቸውን ከፍ አድርገው። «ወላሂ ለቁርአን ነው! እኔ ለሰው ብዬ ግንድ እሸከማለሁ?»

አጎቴ ዱዓ አደረጉላቸውና ወጣን።

ሁለተኛው ቤት ሰጪው ሞተዋል፤ ወንዶች ልጆቻቸው ናቸው ያሉት። እርስ በእርሳቸው ተያዩ። ታናሽየው «አባታችን ሸኽየውን ይወዷቸው ነበር፣ ለሳቸው ይሆናል» ሊል ሲጀምር ታላቁ ተቆጣው። «ዝም በል! አባታችን መቃብር ውስጥ ሆነው አጅራቸው፣ የሥራቸው ዋጋ፣ እየደረሳቸው ነው። አንተ ልታቋርጥባቸው ነው?» «ለቁርአን ነው» አለ ታላቁ።

ሦስተኛዋ አንዲት መበለት ነበሩ። ባላቸው ያችን ግንድ ከጫካው ተሸክሞ ሲመጣ ትከሻው ቆስሎ እንደሰነበተ ነገሩን። «ለሰው ብሎ እንዲያ አይቆስልም ሸኽዬ» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ያን ቁስል ያሹት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በላይ ምን ይጠየቃል?

በሚቀጥሉት ቤቶችም መልሱ አንድ ነበር። እየሄድን ስናድርና ስንውል አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ለእነዚህ ሰዎች «ለአንቱ ነው» ማለት ሁለት ክፋት አለበት፤ የራሳቸውን አጅር ያሳንሳል፣ ሸኹንም ምጽዋት ተቀባይ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዳቸው ለአጎቴ ያላቸውን ክብር በሙሉ ሰብስበው ከፍ ያለውን መልስ ይሰጧቸዋል። የሚወዷቸውን ያህል ከእንጨታቸው ያርቋቸዋል። አጎቴም ይህን አውቀው ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን አንዴ ጠይቀዋል፣ የተመለሰውን መስማት ግዴታቸው ነው።

ብቸኛው ልዩ መልስ የመጣው ከአንድ ክርስቲያን ገበሬ ነው። ትልቁን ምሰሶ፣ መሀል ቤቱን የተሸከመውን፣ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ደጃፋቸው ተቀምጠው ሞፈር ሲጠርቡ አገኘናቸው።

«ለማን ብለህ ነው የሰጠኸኝ?» አሏቸው አጎቴ።

«ለአንቱ ነዋ!» አሉ፣ መጥረቢያውን ሳያስቀምጡ። «እኔ ቁርአን ልቀራ ነው እንዴ? ወዳጄ ከዚህ አገር እንዳይሄድብኝ ብዬ ነው። ያኔ ወደ ደጎሎ በኩል ሸኽ ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ ነበራ!»

አጎቴ ከልባቸው ሳቁ፤ በዚያ ጉዞ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አላህ ይስጥህ! ከሙስሊሙ ሁሉ አንተ ነህ ለእኔ የሰጠኸኝ።»

«እነሱ ምን ሆነው?»

«ከእኔ አላህን መረጡ።»

«ታዲያ በዚህ መቀየም ነው?»

«አልተቀየምሁም። ቤት ግን የለኝም።»

ገበሬው መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። ነገሩን በሙሉ ሰሙ። ጥቂት አሰቡና «ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ለሁሉም እነግራቸው ነበር፣ ‹ለሸኹ በሉ› ብዬ» አሉ።

«ለዚሁ ነው ያልነገርሁህ» አሏቸው አጎቴ።

ወሬ ደግሞ ይሮጣል። በገበያ ቀን መበለቷ ከመንደራቸው በእግራቸው መጡ። አጎቴ ከፈረሰችው ቤት አጠገብ፣ በተከመረው እንጨት ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔም አብሬ ነበርሁ።

«ሸኽዬ፣ አውፍ ይበሉኝ፤ ዋሽቻችኋለሁ» አሉ። «ባሌ ‹ለሸኹ ነው› ብሎ ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ነው ትዝ ያለኝ።»

አጎቴ ተነስተው ቦታ ለቀቁላቸው። «እዚህ ይቀመጡ» አሏቸው። «ያን ቀን አልዋሹም። የሚዋሹት ዛሬ ነው። ለእኔ ብለው ነው የሚዋሹት፣ ስለዚህ አላህ ይማርዎታል፤ እኔ ግን ከሰማሁት አልመለስም።»

«ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?» አሉ ሴትየዋ ማልቀስ ጀምረው። «ባይጠይቁኝ ምን ነበረበት?»

ይህ ጥያቄ ከእኔ ጋር ቀርቷል። በሥራዬ ዘመን ሁሉ እውነቱ እዚያ ተቀምጦ እንደሚጠብቀን፣ ጥያቄ መሸፈኛውን ብቻ እንደሚገልጥ አምን ነበር። እነዚያ ገበሬዎች ግንዱን ሲሸከሙ ግን ምናልባት «ለማን?» ብለው አላሰቡም። ሸኹና ቁርአኑ፣ ቤቱና ሃይማኖቱ፣ በልባቸው አንድ ነገር ነበሩ። እኛ ሄደን ለያዩት አልናቸው፤ ለያዩት። የዱሮ ሐሳባቸው ነው የተባለው መልስ የተወለደው እኛ ስንጠይቃቸው ነው። አጎቴን ይህን አልነገርኋቸውም። ብነግራቸውም የሰሙትን እንዳልሰሙ አይሆኑም ነበር።

የቀረው መንገድ ቦታውን ከመኖሪያ ወደ ትምህርት ቦታ ማስለወጥ ነበር። መሐንዲሱ «ከእኔ ሥልጣን በላይ ነው» አለና ወደ ዞኑ ጻፈልን። ደሴ የእኔ ሰፈር ነው፤ ከቢሮ ቢሮ ራሴ ተከታተልሁት። አንዱ ቢሮ የእምነት ቦታ በግለሰብ ስም አይጠየቅም አለ። ሌላው ትምህርት ከሆነ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አስተያየት ይስጥበት አለ። የትምህርት ሰዎቹ ይኼ የእምነት ነው አሉ። ማንም አልተቆጣ፣ ማንም አልከለከለ። ሁሉም «ይታያል» አሉ። ሰኔ ገባ።

ከደሴ ባዶ እጄን ስመለስ አጎቴ በመጨረሻ እንጨቱን ለመስጊድ ሊሰጡት ተነሱ። ወቅፉ ወደ ወቅፍ ይግባ፣ ቢያንስ አይባክን ብለው። ከከተማው ወጣ ብሎ አዲስ መስጊድ እየተሠራ ነበር። የኮሚቴው ሰዎች በአክብሮት ተቀበሉን፣ እንጨቱንም መጥተው አዩት፣ ደበደቡት፣ አመሰገኑት።

«ሸኽዬ፣ እንጨቱስ ማሻ አላህ ነው» አሉ ሰብሳቢው። «ግን ለአላህ ቤት አሮጌ እንጨት? ሰጋጁ ጀመዓ ምን ይለናል? ፒላሩም ኮንክሪት ሆኗል።»

ለመኖሪያ ቤት የተቀደሰ፣ ለመስጊድ ያረጀ ሆኖ ቀረ። አጎቴ በላስቲክ ሸፈኑት። ከመንገዱ ጥግ አንስተው በአንድ ጎረቤት ግቢ ከመሩት። ጥድ በአንድ ክረምት አይበሰብስም፤ ከዓመታት በኋላም ሄጄ አይቼዋለሁ። ላስቲኩ ተቀዷል፣ ላዩ ዓመድ መስሏል፣ ጫፍ ጫፉ ተሰንጥቋል፣ ሥር ያሉት እንጉዳይ አብቅለዋል። ማገዶ በሸክም በሚገዛበት ከተማ ውስጥ ከዚያ ክምር አንዲት ስንጥር የነካ ሰው አልነበረም። ግቢው ውስጥ የሚኖሩት ሴት «የቁርአን ነው» አሉኝ፣ ዞረው እየሄዱ። አንዱን ፋቅሁት። ውስጡ ያኔም ቀይ ነበር።

መኖሪያ ቤቱ ተሠራ። ፊቱ ብሎኬት፣ ጎንና ጎኑ ባሕር ዛፍና ጭቃ፣ መሀሉ የክርስቲያኑ ወዳጃቸው ምሰሶ። አናጢው ባሕር ዛፉን በደስታ ሠራው፤ ምሰሶው ላይ ሲደርስ ግን «ይኼ አንዱ ከየት ቀረ?» ብሎ አጉረመረመ። ቤቱ ትንሽ ነው። በማዘጋጃ ቤቱ የተፈቀደችው ስፋት ለሁለት ሰው ትበቃለች። ደረሶቹ በረንዳው ላይ ላስቲክ ወጥረው ለማደር ሞከሩ። የመካነ ሰላም ክረምት ደግሞ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ንፋሱ ከጎን ይገርፋል፣ ጭጋጉ ከሥር ይገባል። ኪታቦቹ ረጠቡ። አንዱ ደረሳ በሳል ተያዘና ቤተሰቦቹ መጥተው ወሰዱት። ሌሎቹ ጥቂት ጥቂት እያሉ፣ የአጎቴን ጉልበት እየሳሙ፣ ዱዓ እየተቀበሉ ሄዱ። አጎቴ ማንንም «ቆይ» አላሉም። የሚሄዱበትን ሸኽ ይጠይቁና መልእክት ይሰዱለት ነበር፤ «ይኼኛው ቶሎ ይገባዋል፣ ያኛውን አትቸኩልበት» እያሉ።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሄዱበት ቀን እኔም አጎቴን ልጠይቅ መጥቼ ወደ ደሴ የምመለስበት ነበር። ታላቁ ደረሳ ጺም ያበቀለ፣ ከወግዲ የመጣ፣ ከአጎቴ ጋር ብዙ ዘመን የቆየ ነው። ሌላው ጓደኛው ነው። አጎቴ በጠዋቱ ዝናብ፣ ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው፣ ማቆሚያው ድረስ ሸኙን። አውቶቡሱ ቆሞ ይጮኻል፣ ረዳቱ «ደሴ! ደሴ!» ይላል። ታላቁ ደረሳ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል አጎቴ ትከሻውን ይዘው አነሱት።

«የት ላይ ነው ያቆምነው?» አሉት።

ደረሳው ያቆሙበትን ነገራቸው።

«በል ቅራ።»

እዚያው፣ ከአውቶቡሱ በር አጠገብ፣ መቅራት ጀመረ። ተሳፋሪው በመስኮት ይመለከታል። ረዳቱ መጣና «ሸኽዬ፣ ሹፌሩ ይቆጣኛል፣ ያሳፍሩት» አለ።

«ሁለት መስመር ነው የቀረው» አሉት አጎቴ።

«በዚያች ውስጥ ስንት ሰው አሳፍር ነበር!»

«እኛም እየተሳፈርን ነው፤ ታገሥ።»

ረዳቱ ሳቀና ወደ ውስጥ ገባ። ደረሳው ቀጠለ። አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው አየር ላይ እየቆጠሩ ያዳምጣሉ። አንድ ቦታ ላይ አስቆሙት፣ አስደገሙት፣ እንደገና አስደገሙት። ከዚያ ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳና ሳንወድ ገባን፣ በሩ ተዘጋ። ደረሳው ከአጠገቤ መስኮቱን ገፍቶ ከፈተ። አጎቴ ከታች፣ ዝናቡ ፊታቸው ላይ እየወረደ፣ ያስተካከሉትን ቃል ደግመው አሉለት፤ እሱም መለሰላቸው። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እሳቸው አብረው ጥቂት ተራመዱ፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፃቸው ግን በሞተሩ ተዋጠ። ደረሳው አንገቱን አውጥቶ ሊሰማ ሞከረ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና «የመጨረሻዋን አልሰማኋትም» አለኝ።